የተገለበጡት ረድፎች

ቶሎቶሎ ነው የሚሏት። እናት አባቷ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ አለ፤ ከመታወቂያው ውጪ የሚያስታውሰው ባሏ ብቻ ነው፣ እሱም ሲቆጣ ካልሆነ አይጠራትም። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ ያየ ሰው የለም። ግማሹን ቆማ፣ ግማሹን እየተራመደች ትጨርሰውና ሌላው ገና ስኳሩን ሲያማስል እሷ ብርጭቆዋን አጥባ ደፍታዋለች። አንድ ጊዜ ሐኪም ግፊቷን ሊለካ «አምስት ደቂቃ ዐረፍ በይ» ቢላት፣ በአምስት ደቂቃው ውስጥ የክፍሉን መጋረጃ አስተካክላ የሰውዬውን ወረቀቶች በመልክ በመልካቸው ደርድራ ጠበቀችው። ግፊቷ ምን ያህል እንደሆነ እስከ ዛሬ በውል አይታወቅም።

የሥራ ባልደረቦቿ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ታዲያ መልስ አታጣም። «የእኔ ቤት እስካሁን ቆሟል፤ የእናንተ ገና መሠረቱም አልተቆፈረ» ትላቸዋለች። ደግሞም እውነቷን ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፍራፍሬ በሚጠናበት በዚያ ተቋም ስትሠራ፣ አንድ ብልቃጥ ሰብራ አታውቅም፣ አንድ ቁጥር ዘልላ አታውቅም። ቢያንስ ሁሉም እንደዚያ ያምን ነበር። ከሁሉም በላይ የምታምነው ደግሞ ራሷ ናት።

ሥራቸው ቀለም ነው። የቀለም ቀቢ ቀለም ሳይሆን የፍሬ ቀለም፤ ወይን ለምን ይጠቁራል፣ ለምን ይነጣል፣ የአንዱ ፖም ቆዳ ሲቀላ የጎረቤቱ ለምን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል የሚለውን እስከ ዘሩ ድረስ ወርደው ይፈልጋሉ። ምርምሩን የምትመራው ዶክተሯ ከቶሎቶሎ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች። ዝምተኛ ናት፤ ስታስብ የእስክሪብቶ ክዳን ታኝካለች፤ የምታኝከው እስክሪብቶ ሲያልቅ የቶሎቶሎን ትበደራለች። ነገር ስታስረዳ ግን ታውቅበታለች።

«አየሽ እትዬ» አለቻት አንድ ቀን፣ «ነጩ ወይን ነጭ የሆነው ቀለም መሥራት ስለማይችል አይደለም። ይችላል። ትእዛዙ ዘሩ ውስጥ አለ። ግን ደጃፉ ላይ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ቁራጭ ገብቶ ተጎልቶበታል። በሩን ቁምሳጥን የዘጋበት ክፍል አድርጊው። ውስጥ ሰው አለ፣ መሣሪያ አለ፣ ግን ሠርቶ የሚወጣ ነገር የለም።»

«ታዲያ ቁምሳጥኑን መግፋት ነዋ።»

«እሱን ለመግፋት ነው እኮ ዕድሜያችንን የምንጨርሰው።»

እያንዳንዱ ወይን እንዲህ ያለ ሁለት በር አለው፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። ከሁለቱ አንዱ ክፍት ከሆነ ፍሬው ይጠቁራል፤ ሁለቱም ከተዘጉ ይነጣል። ዶክተሯ አንድ በሩ ክፍት፣ አንዱ ዝግ የሆነ ጥቁር ወይን ከነጭ ጋር አዳቅላ ሁለት መቶ አርባ ችግኝ አፈላች። ከላብራቶሪው ጀርባ በስምንት ረድፍ ተተከሉ፤ በየረድፉ ሠላሳ። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ነው የማይታወቀው። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ቢሆኑም አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ አንዱ ከተነቀለ ደግሞ እሱን መልሶ የሚወልድ የለም።

ዶክተሯ የምትፈልገው ጥቁሮቹን ነው። ሙቀት ሲበረታ የወይን ቀለም ይደበዝዛል፣ እሷ ደግሞ በሙቀት የማይሸነፍ ጥቁር ትፈልጋለች። ማሳው ሁሉንም አይችልም፤ ወይኑ እንዲወጣበት የተወጠረው ሽቦ ለግማሾቹ ብቻ ነው የሚበቃው። ፍሬ እስኪያፈሩ ይጠበቅ ቢባል ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፣ እስከዚያ እርስ በርስ ይተናነቃሉ። ስለዚህ ገና ሕፃን ሳሉ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቅጠላቸው ተመረመረ። በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ቅጠሉም ሲመረመር ይታወቃል። ቅጠሉን የለቀመችው ቶሎቶሎ ናት።

በየግንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። ተቋሙ ውስጥ ታርጋ ነው የሚሉት። ታርጋውን ይጽፉ የነበሩት አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ባለታርጋው። ቁጥር ሲጽፉ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው፤ ጽፈው ሲጨርሱ እፎይ ይላሉ። ዛሬ ግን ታርጋ አይጽፉም። የግቢው በር ላይ ነው ያሉት፤ መኪና ሲመጣ መቀርቀሪያውን አንሥተው ይከፍታሉ፣ ሲያልፍ ይመልሳሉ።

እንዴት እዚያ እንደደረሱ ላጫውታችሁ። አምና ዶክተሯ አዲስ በመጣ መሣሪያ ከሁለት መቶ አርባው አሥሩን ብቻ ድጋሚ ሞከረቻቸው። ሰባቱ ከቀድሞው ውጤት ጋር ገጠሙ፣ ሦስቱ አልገጠሙም። ግርግር ሆነ። ማሳው ሲፈተሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስድስት ቁጥርና ዘጠኝ ቁጥር ተለዋውጠው ተንጠልጥለው ተገኙ። በቃ፣ ጥፋቱ ተያዘ ተባለ። እነዚያ ሁለት ግንዶች ከአሥሩ ውስጥ እንኳን አልነበሩም፤ ግን ማን ልብ ይላል? ሰው አንድ ጥፋት ካገኘ ሌላውንም ሁሉ በእሱ ያላክካል። ሙከራውን በሁሉም ላይ እንዳይደግሙት መሣሪያው የሚሠራበት ኬሚካል አልቆ ነበር፤ እሱ እስኪመጣ ሥራ በሥራ ላይ ተደረበና ነገሩ ተረሳ።

ጋሼ ባለታርጋው ግን አልተረሱም። የክፍሉ ኃላፊ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሟል፤ ከእንግዲህ በር ላይ ቢሆኑ ነው የሚሻለው» አላቸው። አነጋገሩ የትሕትና ነበር፤ ሲያርፍባቸው ግን ትሕትናው አልታየም።  ያን ጊዜ ቶሎቶሎ ብርጭቆዋን እያጠበች «ቁጥር እኮ ቀልድ አይደለም» አለች። ለማንም አልነበረም ያለችው። ዝም ብሎ ከአፏ የወጣ ነው። ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰኞው ልምጣ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሯ የሚነቀሉትን ግንዶች ዝርዝርና አንድ ጥቅል ነጭ ሪባን ሰጠቻት። ቆፋሪዎቹ ሐሙስ ይመጣሉ፤ ሪባን ያለበትን ሁሉ ይነቅላሉ። ቶሎቶሎ ወደ ማሳው ሮጠች ማለት ይቻላል። አንደኛውን ረድፍ ከአንድ እስከ ሠላሳ እየተከተለች በዝርዝሩ ያሉትን አሠረች። ለሁለተኛው ረድፍ መጀመሪያ ግን፣ ቁጥሩ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ፣ ሠላሳ ግንድ የሚያህል መንገድ ባዶ እጇን መመለስ ነበረባት። ይሄ ነገር ያቃጥላታል። አባቷ ገበሬ ነበሩ፤ ትልም ጨርሰው ባዶ በሬ ወደ ኋላ ሲመልሱ አይታ አታውቅም። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ይዞራሉ፣ ዞረው ያርሳሉ። ባዶ መመለስ ምን የሚሉት ሥራ ነው?

አራተኛው ረድፍ፣ ሰባተኛው ግንድ ላይ ሪባን ልታስር ቅጠሉን ስትገልጥ አንዲት ጭብጥ የማትሞላ ዘለላ አየች። ከጓደኞቹ ቀድሞ ያፈራ ግንድ ነው። ፍሬዎቹ አረንጓዴ ናቸው፤ ሦስቱ ግን ጉንጫቸው ቀልቷል። ዝርዝሩን አየች። አራተኛ ረድፍ፣ ሰባት፣ ነጭ። «ፀሐይ ነው» አለች ለራሷ። ነጭ ወይን በፀሐይ እንደዚያ እንደማይቀላ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን አሠረችው፤ አሥራም ሄደች።

አምስተኛውን ረድፍ ጨርሳ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር መሰል፣ ጥጉ ጋ ስትደርስ እግሯ በራሱ ዞረ። ስድስተኛው ረድፍ ውስጥ ገባችና አንድ ቁጥርን ፈለገች። ፊት ለፊቷ የተንጠለጠለው ታርጋ ሠላሳ ይላል።

እዚያው ቆመች። ቶሎቶሎን ቆማ ማየት በራሱ ጉድ ነው። ሪባኑ እጇ ላይ እንዳለ ቆመች፤ ምክንያቱም እግሯ እንዲህ ሲዞር የመጀመሪያው እንዳልሆነ ድንገት ገባት።

ከሁለት ዓመት በፊት ቅጠሉን ስትለቅም፣ ረድፉና ከአንድ እስከ ሠላሳ ያለው ቁጥር አስቀድሞ የተጻፈባቸው ሁለት መቶ አርባ ብልቃጦች በረዶ በሞላበት ሣጥን ተደርድረው ትከሻዋ ላይ ነበሩ። ቅጠል ትበሳለች፣ ብልቃጥ ውስጥ ትከታለች፣ ቀጣዩን ትመዛለች። ለመቸኮል ድሮም ምክንያት አያስፈልጋትም፤ ያን ቀን ግን በረዶውም እየቀለጠ ነበር። አንደኛውን ረድፍ ስትጨርስ ከታች ካለው የውሃ ጋን ጠጣች። ከዚያስ? ከዚያ ወደ ላይ አልተመለሰችም። አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ እዚያው ከጋኑ ሥር ነው ሁለተኛውን የጀመረችው። ታርጋውን አላነበበችም። ለምን ታነባለች? ብልቃጡ ቁጥሩን ይዟል፤ እሷ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ተሳስታ?

እንዲህ ከሆነ ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛው ረድፍ ተገልብጠዋል ማለት ነው። የሠላሳኛው ግንድ ውጤት ለአንደኛው፣ የአንደኛው ለሠላሳኛው ተሰጥቷል። ከእነዚህ ረድፎች ሐሙስ ከሚነቀሉት ግማሾቹ ጥቁሮች ናቸው። የጋሼ ባለታርጋው ታርጋ ደግሞ ከስድስትና ከዘጠኝ በቀር ልክ ነበር።

የቀረውን ሪባን ማሠሩንስ አሠረችው። ምን ታድርግ? እጇ ሌላ ነገር አላውቅም አለ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ጋ ስትደርስ ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሁልጊዜም ይነሱላታል።

«ደህና አደርሽ ቶሎቶሎ? ምነው ዛሬ ዝግ አልሽ? አሞሻል እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ጫማዬ ነው የያዘኝ።»

«አዲስ ነው?»

«አዲስ ነው።» ጫማው የሦስት ዓመት ነው። አዩት፤ ግን ምንም አላሉም።

የዚያን ቀን የታጠበ ብልቃጥ ስታጥብ ዋለች። መደርደሪያውን አወረደች፣ ወለወለች፣ መለሰች፣ እንደገና አወረደች። ሦስት ጊዜ ከዶክተሯ በር ደርሳ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። አንዱን ጊዜ እንዲያውም በሩን አንኳኩታ ነበር፤ ዶክተሯ «ግቢ» ስትላት «እስክሪብቶ ያስፈልግዎት እንደሆን ብዬ ነው» ብላ እስክሪብቶ ሰጥታት ወጣች።  ብትቀመጥ ወንበሩ ይቆረቁራታል፣ ብትቆም ወለሉ።

ከሥራ ወጥታ ቤት ስትገባ ባሏ በረንዳው ላይ ሬዲዮ እየፈታታ ነበር። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እሷ የምትጣደፈውን ያህል እሱ የረጋ ነው፤ ሬዲዮውን መፍታት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። እሱ ብሎኗን በጣቱ እያሽከረከረ ሰማ።

«ማን ያውቃል ይህን?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀሽ? ዝም አይነቅዝም። እኔ ራሴ እኮ ስንት ጊዜ መንገድ ስቼ፣ ተሳፋሪው ሳያውቅ በጓሮ ዞሬ ገብቻለሁ።»

«ተሳፋሪዎችህ ደረሱ?»

«እንዴት አይደርሱም።»

«እኔ አንድ ሰው መንገድ ላይ ጥዬ ነው የሄድኩት» አለችና የተፈታታውን ሬዲዮ ከጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ልታብስ ጀመረች። ባሏ እጇን ያዛት። በስሟ ጠራት። ሳይቆጣ በስሟ ሲጠራት ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

«እንግዲያው ንገሪ» አላት። «ንገሪና ተገላገይ። ብሎኖቼን ግን አትንኪ።»

ሮብ ማለዳ ማንም ሳይገባ ማሳው ላይ ደረሰች። ልብ በሉ፣ አሁንም አላመነችም። ሰው የራሱን ጥፋት ሲያምን ቀስ ብሎ ነው፣ ቶሎቶሎም ብትሆን። ቅጠሉን እየገለጠች ቀድመው ያፈሩትንና የቀሉትን ፈለገች። ከአራቱ ረድፎች አምስት አገኘች። በዝርዝሩ መሠረት ከአምስቱ ሦስቱ ነጭ መሆን ነበረባቸው። ዝርዝሩን ገልብጣ፣ ከሠላሳ ወደ አንድ አነበበችው። አምስቱም ጥቁር ሆኑ። ሌሎቹ ረድፎች ውስጥ ከቀሉት ደግሞ አንዱም ነጭ ተብሎ አልተዘረዘረም። ከዚህ በኋላ የሚያጠራጥር ነገር አልቀረም።

ዶክተሯ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ደረሰችባትና ነገረቻት። ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም። ዶክተሯ ወረቀቱን ወሰደች፣ አራቱን ረድፎች ገለበጠች፤ ከዚያ ከመሳቢያዋ የአምናውን የአሥሩን ግንዶች ውጤት አወጣች። ያልገጠሙት ሦስቱ የሁለተኛው፣ የአራተኛውና የስምንተኛው ረድፍ ነበሩ። ስትገለብጣቸው ሦስቱም ገጠሙ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አንድ ዓመት ሙሉ ፊቴ ላይ ነበር» አለች። «ሦስቱም ተጋማሽ ቁጥር ረድፍ ላይ መሆናቸውን አንድ ቀን እንኳ አላየሁም።»

ቀና ስትል ፊቷ ተመልሷል። «እትዬ፣ ነገ ሊነቅሏቸው ነበር። አድነሻቸዋል። ዝርዝሩን አሁኑኑ አስተካክላለሁ፣ አንቺ ሪባኑን ቀይሪ። ከዚህ በላይ ማንም ምንም ማወቅ አያስፈልገውም።»

«ጋሼስ?»

ዶክተሯ የእስክሪብቶውን ክዳን ነከሰች። «ጋሼ በሩን ለምደውታል። ጥላ አላቸው፣ ወንበር አላቸው። ደግሞ ስድስትና ዘጠኝን አለዋውጠው የለም? ሃያ ስድስት ዓመት ያቆምሽውን ስም በአንድ ቀን ማፍረስ ምን ይባላል? የእኔም ስም አብሮ ነው።»

እውነቱን እንነጋገር። ቶሎቶሎ ደስ አላት። አለቃዋ ዝም በይ አለቻት፣ ግንዶቹ ተረፉ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? አዲሱን ዝርዝር ይዛ በርራ ሄደች። የታሠረውን እየፈታች፣ ያልታሠረውን እያሠረች፣ በየግንዱ ታርጋውን ድምፅ አውጥታ እያነበበች እስከ ስድስት ሰዓት ጨረሰችው። ማሳው ልክ ሆነ። ነገ የሚመጡት ቆፋሪዎች አንድም ጥቁር አይነቅሉም።

ከዚያ ግን ተመልሳ የታጠቡትን ብልቃጦች እንደገና ማጠብ ጀመረች።  ምሳዋን ቀምሳ ተወችው። እስካሁን ከጨነቃት ግማሹ የወይኖቹ ነገር ይመስላት ነበር፤ ወይኖቹ ተርፈውም እንዲህ ሲያደርጋት ጊዜ ነው ሁሉም የጋሼ ነገር እንደሆነ የገባት። ያን የታጠበ ብልቃጥ ዕድሜ ልኳን ስታጥብ ልትኖር ነው። በየጠዋቱ ሽማግሌው ብድግ ሊሉላት፣ እሷ ጫማዬ ነው ልትል።

ስምንት ሰዓት ላይ የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች ወደ በሩ ሄደች። አንድ ጊዜ ብትቆም ትመለስ ነበር፤ ስለዚህ አልቆመችም።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ታርጋ ደህና ነበር» አለች ሰላምታም ሳትሰጥ። «ቅጠሉን ገልብጬ የለቀምኩት እኔ ነኝ።»

አልገባቸውም። ቁጥር ያለው ነገር ስለሆነ በቃል አይነገርም። የእንግዳ መመዝገቢያውን ደብተር አገላብጣ ጀርባው ላይ ስምንት መስመር አሰመረች፤ እግሯ የሄደበትን በቀስት፣ ቁጥሩ የሚሄድበትን በሌላ ቀስት አሳየቻቸው። ሽማግሌው አጎንብሰው ተከተሉት። በጣታቸው አንድ ጊዜ ሄዱበት፣ ደገሙት።

«ያልገጠሙት ሦስቱስ?»

«ሦስቱም የእኔ ናቸው።»

«ስድስትና ዘጠኟስ?»

«እሷ የእርስዎ ናት። ግን ምንም አላበላሸችም፤ ከአሥሩ አልነበረችበትም።»

«አዎ፣ እሷስ የእኔ ናት» አሉ። የጭነት መኪና መጣ። ተነሥተው አሳለፉት፣ በሩን መለሱ፣ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርገው አዩት፣ ተመልሰው መጡ። እሷ እስከዚያ የጥፍሯን ጫፍ በልታ ጨርሳ ነበር።

«ለዶክተሯ ነግረሻታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

ቶሎቶሎ መሬት መሬት አየች። ሽማግሌው መልሱን ከዚያ አነበቡት።

«እኔ ላይ የተነገረው ሰው ፊት ነው» አሉ። «አንቺም ነበርሽ።»

«ነበርኩ ጋሼ።»

«'ቁጥር እኮ ቀልድ አይደለም' ያልሽው አንቺ ነሽ። ኃላፊው ያለኝን ረስቼዋለሁ። ያንቺን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። አብረን ስንሠራ አሥራ ስምንት ዓመታችን ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታውን እናየዋለን። ሰው ፊት የተነገረብኝ ሰው ፊት ይነሣልኝ። እኔ ብነግራቸው ሽማግሌው አሁንም ስሙን ያጥባል ነው የሚሉኝ። የዘጠኝ ሰዓት ሻይ አለ፤ ሁሉም እዚያ ነው።»

ሻይ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አሥራ አራት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ ተቀምጧል። ሽማግሌው ከበሩ አላለፉም፤ በሩን ለአንዱ ጥበቃ አደራ ብለው ስለመጡ ግማሽ እግራቸው ውጪ ነው። ቶሎቶሎ መሐል ገብታ ቆመች። ንግግሯን በመንገድ ላይ አዘጋጅታው ነበር፤ አንዱም ቃል አልመጣላት አለ። በጥድፊያ ዘረገፈችው፤ ብልቃጡን፣ ረድፉን፣ አለመመለሷን፣ ታርጋውን አለማንበቧን። መጨረሻ ላይ «ጋሼ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አፍ አውጥቼ የተናገርኳቸውም እኔ ነኝ» አለች። ከጥግ አንዱ ልማድ ሆኖበት «ቶሎ ቶሎ ቤት...» ብሎ ጀመረና ማንም ሳይስቅለት ሲቀር አቋረጠው።

ዶክተሯ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ፊቷ ቀልቷል። «እኔም አላጣራሁም» አለች። «አንድ ጥፋት ሲገኝልኝ መፈለግ አቆምኩ። ይሄ የእሷ ብቻ አይደለም።»

የክፍሉ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሻዩን አማሰለ፤ ስኳር አልጨመረበትም ነበር። «ጋሼ፣ እንግዲህ ምን እላለሁ፤ በድለንዎታል። ከነገ ጀምሮ ወደ ቦታዎ ይመለሱ። ወንበር አምጡላቸው።»

ወንበር መጣላቸው። አልተቀመጡበትም፤ መደገፊያውን ብቻ ያዙት።

«የልጄ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ናት» አሉ። ምን ሊሉ እንደሆነ ማንም አላወቀም። «ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን ይዛ እኔ ጋ ነው የምትሮጠው። መደመር፣ መቀነስ ነው፤ ሌላ አይደለም። እኔ ታዲያ 'ዓይኔን ያመኛል፣ እናትሽ እስክትመጣ ጠብቂ' እላታለሁ። ዓመቱን ሙሉ። ዓይኔን አሞኝ አያውቅም። አሳስታታለሁ ብዬ ነው።»

 ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«የሥራውን ነገር ነገ እንነጋገርበታለን» አሉ ለኃላፊው። «ዛሬ ግን ልጅቷ በአሥር ሰዓት ከትምህርት ቤት ትወጣለችና፣ ፍቀዱልኝ፣ ሄጄ ልቀበላትና ደብተሯን ልይላት።»

«ይሂዱ እንጂ ጋሼ። በሩን ማን ይይዝልዎታል?»

«እሷ ትያዘዋ» አሉ፣ ወደ ቶሎቶሎ ሳይዞሩ።

ቶሎቶሎ ተከትላቸው ወጣች። የበሩን ቁልፍ ከጥበቃው ተቀብለው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡላት፤ እጅ በእጅ አልሰጧትም። ቁልፉን አንሥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው መንገዱን ተሻገሩ፤ ከመሻገራቸው በፊት ግራ ቀኝ አዩ፣ ወደ ኋላ ግን አላዩም፣ ደህና ዋዪም አላሏት። ከዚያ ጥጉን ሲታጠፉ እርምጃቸውን አፈጠኑ።